የወጣው ዕጢ ምን ይናገራል?

አባትዎ ወይም አጎትዎ ወላይታ ሶዶ ላይ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አድርገው ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ ተመልሰው ከሆነ፣ የወጣው ዕጢ ተመርምሮ ምን ውጤት እንደተገኘ ጠይቀዋል? ዛሬ የማስተዋውቅዎ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት ይህን የጠየቁ ናቸው።

ዶክተር ሂዩ ሃምፕተን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1897 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ኮሪደር ሲሮጡ ከታላቁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከዊሊያም ሃልስቴድ ጋር ተጋጩ ይባላል። ሃልስቴድ የሽንት አካላት ሕክምና ክፍልን እንዲመሩ ጠየቋቸው። ወጣቱ ሐኪም ስለ ዘርፉ ምንም አላውቅም ቢሉም፣ ሃልስቴድ ይማሩታል ብለው ሾሟቸው። እንዲህ ያለ ሹመት ዛሬ ቢሆን ስንቱን ባስገረመ!

በዚያን ጊዜ የፕሮስቴት ካንሰር የያዘው ሰው ሽንቱ ሲቋጠር በቱቦ ከማስተንፈስ ያለፈ ብዙ ተስፋ አልነበረውም። ያንግ ግን በበሽታው የተያዙ ዕጢዎችን መረመሩ። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዕጢው የኋላ ክፍል ይጀምራል፤ ለረጅም ጊዜ በሽፋኑ ውስጥ ይቆያል፤ ሲወጣም ወደ ላይ፣ ወደ ዘር ፈሳሽ ከረጢቶች ያመራል። ስለዚህ ሚያዝያ 1904 (እ.ኤ.አ.) በሃልስቴድ ረዳትነት ዕጢውን ከነሽፋኑና ከነከረጢቶቹ አወጡ። የሚያሳዝነው፣ አብዛኞቹ ታካሚዎች ዘግይተው ስለሚመጡ ይህ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅማቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። ያንግ በ1945 አረፉ።

እርሳቸው የተከተሉት መንገድ ዛሬ በፓቶሎጂ ውጤት ወረቀት ላይ ይነበባል። ካንሰሩ በዕጢው ውስጥ ብቻ ከተገኘ ቲ2፣ ሽፋኑን ጥሶ ከወጣ ቲ3ኤ፣ ከረጢቶቹን ከነካ ቲ3ቢ ይባላል። የመመለስ ዕድሉም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ነገር ግን ደረጃው ብቻውን አይበቃም። የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑ፣ ንፍፊቶቹ መነካታቸውና አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ግሊሰን በ1960ዎቹ የዘረጉት የሕዋሳት ጠባይ መለኪያም አብረው ይታያሉ። ሁለት ሰዎች ሁለቱም ቲ3ኤ ተብለው፣ አንዱ ክትትል ብቻ ሲበቃው ሌላው ጨረር ሊያስፈልገው ይችላል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ካንሰር ላልሆነ እብጠት በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚወጣው የዕጢው ውስጠኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ውጫዊው ይቀራል። በወጣው ሥጋ ውስጥ ያልተጠበቀ ካንሰር የሚገኝበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ናሙናው ለምርመራ መላኩን ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ። ወደ ሌላ ከተማ ከተላከ ውጤቱን ማን እንደሚቀበል በቤተሰብ ይወስኑ፤ ታካሚው አገር ቤት ገብቶ ወረቀቱ እዚያው እንዳይቀር። ውጤቱ ካንሰር ካለ ሐኪሙ የፒኤስኤ የደም ምርመራ ቀጠሮ ይሰጥዎታል፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ።