አባ ጎርጎርዮስ ሜንደልና የአበባ ቀለም



ከአንኮበር ከፍታ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛ ከደጋው የገብስ፣ የባቄላና የአተር ማሳ ተነሥቶ ወደ ታችኛው የጤፍና የማሽላ እርሻ ይደርሳል። አተሩ በሚያብብበት ወራት አንዱ ነጭ፣ ሌላው ሐምራዊ አበባ ለብሶ ይታያል። በየአጥሩ ጥግም ቀጋው ነጭ አበባውን ይዘረጋል። ይህን ሁሉ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ዛሬ ሕይወታቸውን የምንተርክላችሁ ሰው ግን ይህንኑ የአተር አበባ እያዩ የጠየቁ፣ መልሱንም በስምንት ዓመት ትዕግሥት ያገኙ መነኩሴና ካህን ናቸው። በትረካው ውስጥ የምናነሣቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ብለን ካልለየናቸው በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከ1841 ጀምሮ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጓድ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ወደ አንኮበር የወጣውም በዚያን ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ታላቅ ገበያ በነበረችው በአሊዩ አምባ በኩል ነው። ከጓዱ ጋር የነበሩት ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዶክተር ሮት የሸዋን ዕፅዋትና እንስሳት እየሰበሰቡ ይመዘግቡ ነበር። ያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት ዋና ሥራ በዓለም ያለውን አበባ ሁሉ መሰብሰብና ስም ማውጣት ነበር። አበባው መልኩን ከወላጆቹ በምን ሕግ እንደሚወርስ ግን ማንም አያውቅም። ጓዱ ከሸዋ በተመለሰበት በ1843፣ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር በነበረችው በሞራቪያ አንድ የ21 ዓመት የገበሬ ልጅ ወደ ገዳም ገቡ። ያን ሕግ የሚያገኙት እርሳቸው ነበሩ።

ልደትና አስተዳደግ

ዮሐንስ ሜንደል በሐምሌ ወር 1822 በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ በምትገኝ ሂንቺጼ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። አባታቸው አንቶን ገባር ገበሬ ስለነበሩ በሳምንት ሦስት ቀን ለባላባቱ ያለ ዋጋ ይሠሩ ነበር። በተረፋቸው ጊዜ ግን የፍሬ ዛፎችን ያለማሉ፤ ልጃቸውም ማዳቀልንና መንከባከብን ከእጃቸው ተማሩ። የሰበካቸው ካህንም ለመንደሩ ልጆች ከሃይማኖት ትምህርት ጋር የአትክልት አያያዝን ያስተምሩ ነበር።

ልጁ በትምህርቱ ብርቱ ሆኖ ስለተገኘ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተላከ፤ ድህነት ግን ተከተለው። በ1838 አባቱ በወደቀ ግንድ ተጎድተው ሥራ ስላቃታቸው የተማሪው ስንቅ ተቋረጠ። ዮሐንስ ሌሎችን እያስጠኑ፣ አንዳንዴም በረሃብ ታመው እየተኙ ተማሩ። በዚህ ችግር መካከል ታናሽ እኅታቸው ቴሬዝያ ለጋብቻዋ ከተመደበላት ጥሎሽ ከፍላ ለትምህርቱ ሰጠቻቸው። ያ ስጦታ ባይኖር ኖሮ ትምህርታቸውን መቀጠል እጅግ በከበዳቸው ነበር። እርሳቸውም ውለታዋን አልረሱም፤ በኋላ ዘመን የልጆቿን የትምህርት ወጪ ችለዋል።

በ1843 በብርኖ ከተማ በሚገኘው የአውግስጢኖሳውያን የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገብተው ጎርጎርዮስ የሚለውን ስም ተቀበሉ። ገዳሙ ከዕለት ጉርስ ጭንቀት እንዳሳረፋቸው ራሳቸው አልሸሸጉም። በ1847 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በቁምስና አገልግሎት ላይ ሲመደቡ ግን የሕሙማንንና የሟቾችን ሥቃይ ማየት ስላልቻሉ ራሳቸው ታመሙ። አበ ምኔቱ አባ ናፕ ይህን ተረድተው ወደ ማስተማር ሥራ መለሷቸው። የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና በ1850 ወደቁ፤ በ1856 ዳግመኛ ቀርበውም አልሆነላቸውም። በመካከሉ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስንና የዕፅዋት ጥናትን ተምረው ስለነበር ነገርን በቁጥር የመመርመር ልማድ ይዘው ተመለሱ። በዚህ ሁኔታ፣ ማረጋገጫ ሳይኖራቸው፣ በብርኖ 14 ዓመት ያህል በተወዳጅ መምህርነት አገለገሉ።

በገዳሙ የአትክልት ስፍራ

በዚያ ዘመን በከተማው የአበባ አልሚዎች አዲስ ቀለም ለማግኘት አንዱን አበባ ከሌላው ጋር ያዳቅሉ ነበር። አንዳንዴ ያማረ ቀለም ይገኛል፤ ከዘሩ ሲዘራ ግን ያ ቀለም ይጠፋና ሌላ ይወጣል። አባ ጎርጎርዮስ ራሳቸው ፉክሲያ የሚባለውን አበባ ይወድዱ ነበር፤ አንድ የብርኖ አልሚም አዲስ የፉክሲያ ዝርያ በስማቸው ሰይሞላቸዋል። ኋላ ያሳተሙትን ጽሑፍ ሲጀምሩም፣ ለምርመራው ያነሣሣቸው ለአዲስ ቀለም ሲባል በጌጥ አበቦች ላይ የሚደረገው ማዳቀል መሆኑን ገልጸዋል።

ለምርመራቸው ግን የመረጡት ለጌጥ የማይፈለገውን አተር ነው። አተር በገዛ ራሱ ብናኝ ስለሚራባ ባዕድ ብናኝ በቀላሉ አይገባበትም፤ ዝርያዎቹም በግልጽ ይለያያሉ። በመጀመሪያ 34 ዝርያዎችን ሁለት ዓመት ዘርተው ፈተኑና 22ቱን ለሥራው መረጡ። ከዚያም ገና ያልፈካውን እንቡጥ ከፍተው፣ ብናኝ ያዘሉትን የወንዴ ክፍሎች በመቆንጠጫ ያወጣሉ፤ ከሌላ ዝርያ ያመጡትን ብናኝ በሴቴው ክፍል ላይ ያኖራሉ፤ ንብና ጥንዚዛ ሌላ ብናኝ እንዳያመጣም አበባውን በከረጢት ይሸፍናሉ። ርዝመቱ 35 ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር ያህል በሆነ መሬት ላይ ከ1856 እስከ 1863 እንዲህ ሲሠሩ ወደ 28,000 የሚደርሱ ተክሎችን መረመሩ።

ሐምራዊ አበባ ያለውን አተር ከነጩ ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። ነጩ የጠፋ መሰለ። እነዚያን ድቅሎች በራሳቸው ብናኝ እንዲራቡ ትተው ዘራቸውን ሲዘሩ ግን ከ929 ተክሎች 705ቱ ሐምራዊ፣ 224ቱ ነጭ አበቡ። ይህም በግምት ሦስት ለአንድ ነው። በዘሩ ቅርጽ፣ በፍሬው ቀለም፣ በግንዱ ቁመትና በሌሎችም ጠባያት ላይ ይኸው ስሌት ተገኘ። ስለዚህ ነጩ ቀለም አልጠፋም፤ ሐምራዊው ሸፍኖት በዘሩ ውስጥ ተሰውሮ ይጠብቅ ነበር። እያንዳንዱ ተክል ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት ድርሻ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት ይወርሳል፤ ለልጁም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያወርሳል።

ከአተር በኋላ ባቄላ መሰል ቦሎቄዎችን አዳቀሉ። በዚህ ጊዜ የአበባው ቀለም ከደማቅ ሐምራዊ እስከ ፈዛዛው በብዙ ደረጃ ተለያየ፤ ካበቡት 31 ተክሎች ነጭ የሆነው አንድ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሕጉ ፈረሰ ብሎ በተወው ነበር። እርሳቸው ግን ቀለሙ ራሳቸውን ችለው ከሚወረሱ ሁለትና ከዚያ በላይ ነገሮች የተሠራ ሊሆን ይችላል ብለው አሰቡ፤ በየአትክልቱ ስፍራ የሚታየው የቀለም ብዛትም በዚሁ መንገድ ሊገለጥ እንደሚችል ጻፉ። የአበባ አልሚዎች ለዘመናት ሲቸገሩበት የኖሩት እንቆቅልሽ ቁልፉን አገኘ።

ሳይሰማ የቀረ ትምህርት

አባ ጎርጎርዮስ ሥራቸውን በየካቲትና በመጋቢት 1865 ለብርኖ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር በሁለት ጉባኤ አነበቡ፤ በ1866 ታተመ። 40 ቅጂ ለብቻ አሳትመው ለሊቃውንት ላኩ። በሙኒክ የነበሩት ታላቅ የዕፅዋት ሊቅ ነጌሊ ብቻ ለረጅም ጊዜ ተጻጻፏቸው፤ እርሳቸውም የሥራውን ክብደት አልተረዱትም። ይባስ ብሎ አባ ጎርጎርዮስ ቀጥለው የደከሙበት አንድ የሜዳ አበባ በአተሩ የታየውን ስሌት አልሰጥ አላቸው። ያ ተክል ያለ ወንዴ ብናኝ ዘር የሚያፈራ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው።

በ1868 መነኮሳቱ አበ ምኔት አድርገው መረጧቸው። ከዚያ ወዲያ ለአትክልቱ የነበራቸው ጊዜ አነሰ፤ ቢሆንም ንብ ማነባቸውንና የዝናቡንና የነፋሱን ሁኔታ መመዝገባቸውን አልተዉም። የመጨረሻ ዓመታቸውን ያደከመው በ1874 በገዳማት ላይ የተጣለው ግብር ነው፤ ፍትሕ የለውም ብለው እስከ ሞት ድረስ ተሟገቱ። በምዕራቡ ሥርዓት የአስተርእዮ በዓል በሚውልበት በጥር 6 ቀን 1884 በኩላሊት ሕመም ዐረፉ። ከቀባሪዎቻቸው ብዙዎቹ ደጉን አበ ምኔት አለቀሱ እንጂ ሊቁን አላወቁም። የግል ጽሑፎቻቸውም አብዛኛው ተቃጠለ። በ1900 ግን በሆላንድ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ የነበሩ ሦስት ተመራማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወደዚሁ ሕግ ሲደርሱ፣ አንድ መነኩሴ ከ34 ዓመት በፊት አሳትሞት አገኙ።

አበባ ባለቤት ሲያገኝ

ከዚያ ወዲያ የአበባ ማልማት መልኩ ተለወጠ። አልሚው የሚፈልገውን ቀለም፣ መዓዛና ቁመት አስቀድሞ እያሰላ ያዳቅላል፤ ከብዙ ሺህ ችግኝ አንዱን ለመምረጥም ዓመታት ይፈጅበታል። ጽጌረዳን የመሰለ አበባ ግን በቁራጭና በክትባት ስለሚባዛ አንዱን ተክል የገዛ ሰው ሺህ አድርጎ ሊሸጠው ይችላል፤ የደከመው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ አሜሪካ በ1930 እንዲህ ለሚባዙ አዳዲስ ተክሎች ፓተንት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። የመጀመሪያው ፓተንት በ1931 የተሰጠው ኒው ዶውን ለተባለ ተንጠላጣይ ጽጌረዳ ነው። የሚያስገርመው ይህ ጽጌረዳ በማዳቀል የተገኘ አለመሆኑ ነው፤ አንድ የቆየ ዝርያ በራሱ ተለውጦ ደጋግሞ ሲያብብ ታየና ያየው ሰው አባዛው። በ1961 ደግሞ የአዳዲስ ዝርያ አልሚዎችን መብት የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት በፓሪስ ተፈረመ።

ይህ ነገር ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በሆለታ፣ በዝዋይና በቢሾፍቱ ለውጭ ገበያ የሚለማው ጽጌረዳ በአብዛኛው በውጭ አገር አልሚዎች የተዳቀለ ስለሆነ እርሻዎቹ ለዝርያው ባለመብት ክፍያ ይከፍላሉ። በሕጋችን በኩል በ1987 በእኛ አቆጣጠር የወጣው የፓተንት አዋጅ የዕፅዋት ዝርያዎችን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። በምትኩ በ1998 የዕፅዋት አዳቃዮችን መብት የሚመለከት የተለየ አዋጅ ወጣ፤ ይህም የአርሶ አደሩን መብት ጭምር የያዘ ነበር፤ በ2010 በሌላ አዋጅ ተተካ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የተዳቀለው አበባ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ የደከመ ሰው የድካሙን ዋጋ ማግኘቱም ፍትሕ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ያገኙት የውርስ ሕግ ግን በፓተንት የሚያዝ አይደለም። ሕጉን እርሳቸው አልሠሩትም፤ በአተሩ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት፤ ያገኙትንም ለሁሉ ገለጡ። በዚህ ዘመን የሚለማ ጽጌረዳ ሁሉ፣ የባለመብቱ ስም ማንም ይሁን ማን፣ ማንም ሊሸጠው በማይችል በዚህ የጋራ ስጦታ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ መብቱን የሚያስከብር አልሚ ከእርሱ በፊት ለነበሩት ባለዕዳ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም። የእኛም እናቶችና አባቶች በየዓመቱ ከአውድማው የተሻለውን እየመረጡ ለዘር ሲያስቀምጡ የኖሩት ስማቸው በማንም መዝገብ ሳይጻፍ ነው።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ

የእኒህን ካህን ሕይወት ለልጆች ስታስተምሩ በቃል ብቻ አትወሰኑ። ከነጭ አበባና ከሐምራዊ አበባ አተር ጥቂት ጥቂት ዘር ለዩና በቁምስናው ግቢ በሁለት ትንንሽ መደብ ዝሩ። አበባው ሲፈካ ልጆቹ እንቡጡን ከፍተው ብናኙ ከየት እንደሚገኝ ይዩ፤ ፍሬው ሲደርስም ዘሩን በየወገኑ ለይተው ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀምጡ። ፈተና የወደቀ ልጅ በመካከላቸው ካለ፣ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ያልሆነላቸውን መምህር አስታውሱት። ከወንድሟ ይልቅ ለራሷ ማሰብ ስትችል ጥሎሿን ያካፈለችውን ቴሬዝያንም አትርሷት፤ እርሷ በሰጠችው ገንዘብ የተማረው ሰው የደረሰበት በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይነገራል።