በመንገድ ላይ ሕመምተኛን ያስተዋለ ሐኪም፦ ጄምስ ፓርኪንሰን

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፥ ስሙ በየአገሩ ሆስፒታል የሚጠራውን፥ መልኩን የሚያሳይ ሥዕል ግን ያልተገኘለትን የአንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ታሪክ ነው።

ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1755 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ በነበረችው በሆክስተን ተወለደ። ሙያውን ከሐኪም አባቱ ተምሮ ዕድሜውን ሁሉ እዚያው ሲያክም ኖረ። በብዕር ስም የምክር ቤት ምርጫ እንዲሻሻል ይጽፍ ነበር፤ በ1794ም በመንግሥቱ ሸንጎ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። ድንጋይ የሆኑ የጥንት ፍጥረታትንም ስለ መረመረ በ1807 ከሎንዶን የጂኦሎጂ ማኅበር መሥራቾች አንዱ ሆነ።

ስሙን ያስጠራው ግን በ1817 ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ያሳተመው 66 ገጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ የስድስት ሕመምተኞችን ሁኔታ ገልጧል፤ ሁለቱን በመንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቃቸው፥ አንዱን ከሩቅ ብቻ ተመለከተው። በዚያን ጊዜ ሕመማቸውን ለይቶ የሚነግራቸው ስላልነበረ አንዳንዶቹ ምክንያቱን ከገዛ ሕይወታቸው ይፈልጉ ነበር። አትክልተኛው ክንዱን በከባድ ሥራ ስላደከመው መሰለው። መርከበኛው በእስፓኝ ወኅኒ ቤት በእርጥብ መሬት ላይ የተኛበትን ወራት አሰበ። በድኾች መጠለያ የሚኖረው ሦስተኛው መጠጥን ወቀሰ፤ እንደማይድንም ቈርጦ ሕክምናን እምቢ አለ። ከሩቅ የታየው ሕመምተኛ ደግሞ መራመድ ተስኖት፥ ረዳቱ ትከሻውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ካወዛወዘው በኋላ ሲለቀው ይሮጣል፤ ረዳቱም እንዳይወድቅ ከፊቱ ይሮጥ ነበር።

ፓርኪንሰን የእነዚህ ሰዎች ሥቃይ አንድ በሽታ መሆኑን አስተዋለ። መድኃኒቱን ግን አላገኘም፤ ያሰበው ከአንገት ደም ማውጣትም የሚረባ አልነበረም። በ1824 ሲሞት መጽሐፉን ያወቁት ጥቂቶች ነበሩ። በኋላ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ፥ ሕመምተኞቹ ሁሉ እንደማይንቀጠቀጡና በእውነትም ሽባ እንዳልሆኑ አስረድቶ በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። በ1960ዎቹም ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ማነሱ ስለ ታወቀ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ለብዙዎች እንቅስቃሴን መለሰላቸው፤ ፈጽሞ የሚያድን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከዚህ ሐኪም ታሪክ ተማሪዎቻችንና ወጣት ሠራተኞቻችን የሚቀስሙት ትምህርት አለ። በጠረጴዛችን ፊት ቆሞ ሲፈርም እጁ የሚንቀጠቀጠውን፥ ጽሕፈቱ የሚያንሰውን፥ ፊቱ የማይፈታውን ሰው ሰካራም ወይም ኩሩ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት፥ ፓርኪንሰን በሎንዶን መንገድ እንዳደረገው ቆም ብለን እንጠይቀው።