አባቱ ሐኪም ያደረጉት ሠዓሊ

ከጓደኞቻችን መካከል እርሱ አንድ ትምህርት ሲመኝ አባቱ ሌላ የመረጡለት አይታጣም። እንዲህ ላለው ተማሪ የሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የሕይወት ታሪክ ሳይጠቅመው አይቀርም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ካሃል በ1852 በሰሜን እስፓኝ በአንዲት ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ በድኽነት አድገው በብርቱ ጥረት ሐኪም የሆኑ ሰው ስለ ነበሩ ልጃቸው ቀለምና እርሳስ ይዞ ሲውል ማየት ያስቈጣቸው ነበር። ልጁ ደግሞ ሥዕል እንጂ ሌላ ትምህርት አልሆንለት አለ፤ በ11 ዓመቱም ራሱ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር ሰብሮ ታሰረ። አባትየው አንድ ጊዜ ለጠጉር አስተካካይ፥ ሌላ ጊዜ ለጫማ ሰፊ አሳልፈው ሰጡት። በመጨረሻ ግን በ1868 ወደ አሮጌ መቃብር እየወሰዱ የሰው አጥንት ያስጠኑት ጀመር። ልጁም አጥንቱን እስላለሁ ሲል ሕክምናን ወደደ።

በ1873 በዛራጎዛ ከተመረቀ በኋላ የጦር ሐኪም ሆኖ ወደ ኩባ ቢላክም ወባ ስለ ጠናበት በ1875 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1887 ማድሪድ ውስጥ አንድ ሐኪም በብር ጨው የጠቈረ የአንጎል ቅንጣቢ በማይክሮስኮፕ አሳየው። ዘዴውን ያወጣው ጣልያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ሲሆን ከብዙ ሴሎች ጥቂቶቹን ብቻ እየለየ ያጠቍራል። ሆኖም ባደገ አንጎል ውስጥ የሴሎቹ ቅርንጫፎች እንደ ጫካ ስለሚጠላለፉ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነበር። ካሃል ግን ጫካው ካስቸገረ ችግኙን ማየት ይሻላል ብሎ በእንቍላል ውስጥ ያለውን የጫጩት ፅንስ መመርመር ያዘ።

በፅንስ ውስጥ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ሲጀመሩ አንድ ቀጭን ቱቦ ናቸው። የስዊሱ ተወላጅ ቪልሄልም ሂስ እንዳስረዳው፥ ሴሎቹ ለሁለት ሲከፈሉ የሚታዩት በቱቦው ባዶ ውስጥ ዳርቻ ነው። የመጨረሻውን መከፈል የፈጸመ ሴል ወደ ውጭ ተጕዞ ስፍራውን ይይዛል፤ የነርቭ ሴል ከሆነም ወዲያ ዳግመኛ አይከፈልም። ካሃል በ1890 የገለጸው ከዚህ የሚቀጥለውን ነው፤ ሴሉ አንድ ክር ያበቅላል፥ የክሩም ጫፍ እንደ ሾጣጣ አብጦ መንገዱን እየፈለገ ይሄዳል። እንግዲህ እያንዳንዱ የነርቭ ሴል ራሱን የቻለ ነው እንጂ ጎልጂ እንዳመነው የአንድ መረብ ክፍል አይደለም ማለት ነው።

ካሃል ከ1888 ጀምሮ ሥራውን በገዛ ገንዘቡ ባሳተመው መጽሔት ቢያወጣም በውጭ አገር የሚያነብለት ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ1889 ቅንጣቢዎቹን ይዞ ወደ በርሊን ጉባኤ ሄደ፤ ፈረንሳይኛው የተሰባበረ ቢሆንም ስመ ጥሩው ፕሮፌሰር ኮሊከር በማይክሮስኮፕ አይቶ አመነለት። በ1906 ካሃልና ጎልጂ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ፤ ጎልጂ ግን በዚያው በዓል ባደረገው ንግግር የካሃልን ሐሳብ ተቃወመ።

ካሃል በ1934 በማድሪድ ሞተ። ባደገ አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሴል አይወለድም ማለቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአይጥ ላይ በተደረገ ምርመራ ተናግቷል። በእጁ የሣላቸው በሺህ የሚቈጠሩ ሥዕሎች ግን ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ይታተማሉ።

አባቱ ሐኪም ሁን አሉት፥ ሆነ፤ እርሳሱን ግን አልጣለም። አንተም ወዳጄ፥ ያልመረጥኸው ክፍል ውስጥ ብትቀመጥ የምትወደውን ነገር ይዘህ ግባ።