አተር የዘራው መነኵሴ

በአምባሰል ደጋ አተር ሲያብብ ከሐምራዊው አበባ መካከል አልፎ አልፎ ነጭ ብቅ ሲል ልጅ ሆኜ እመለከት ነበር። ታላላቆቼን ብጠይቅ ዘሩ ነው ከማለት በቀር ሌላ አልነገሩኝም። ነገሩን የመረመረው ሰው እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ አባቶች መነኵሴ መሆኑን ባነበብሁ ጊዜ ግን ተደነቅሁ። ስለዚህ ታሪኩን ለተማሪ ጓደኞቼ በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐን ሜንዴል ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር በ1822 ዓ.ም. ከድኃ ገበሬ ቤት ተወለደ። የትምህርት ገንዘብ ባጣ ጊዜ ታናሽ እኅቱ ለመዳሪያዋ ከተመደበላት ከፍላ ረዳችው። በ1843 ዓ.ም. በብርኖ ከተማ ገዳም ገብቶ ግሬጎር፣ በእኛ አጠራር ጎርጎርዮስ፣ ተባለ። በ1850 ዓ.ም. የመምህርነት ፈተና ወደቀ፤ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1856 ዓ.ም. ቢመለስም እንደገና አልተሳካለትም።

በዚያው ዓመት በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ማዳቀል ጀመረ፤ እስከ 1863 ዓ.ም. ድረስም ደከመ። ሐምራዊውን ከነጩ ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። በሁለተኛው ትውልድ ግን 705 ሐምራዊና 224 ነጭ ቈጠረ፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ነጩ ጠባይ ተሸፍኖ ኖረ እንጂ አልጠፋም ነበር። ሥራውን በ1866 ዓ.ም. ቢያሳትምም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበረ። በ1884 ዓ.ም. ሞተ፤ ክብሩን ያገኘው በ1900 ዓ.ም. ነው።

የነጩ አበባ ምሥጢር የተገለጠው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ነው። ተክል የዘሩን ትእዛዝ ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ ይገለብጣል፤ ከዚያም የማያስፈልገውን ቈርጦ የሚያስፈልገውን ይቀጥላል። ይህ የመቍረጥና የመቀጠል ሥራ የታወቀው በ1977 ዓ.ም. ነበር። ሜንዴል እንዳዳቀለው ባለ ነጭ አተር፣ ቀለም የሚሠሩትን ጂኖች በሚያዝዘው ጂን ውስጥ፣ ከመቍረጫው ስፍራ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኘች። አንድ ፊደል የሳተ ጸሐፊ የብራናውን ቃል እንደሚያበላሽ፣ ትእዛዙ ተበላሽቶ ቀለሙ ይቀራል።

እኔም ባለፈው ዓመት ፈተና ወድቄ ትምህርቴን ልተው ቈርጬ ነበር። ሁለት ጊዜ የወደቀው መነኵሴ ግን አተሩን መቍጠር አልተወም። ስለዚህ ክፍሉን ደግሜ እማራለሁ፤ እንደ እኔ የወደቃችሁ ጓደኞቼም እንዳትቀሩ አደራ እላለሁ።