የሻምፓኟ መበለት

ሰርግ ላይ ቡሽ ሲፈናጠር «ሻምፓኝ» እንላለን አይደል? ስሙ ግን የአንድ የፈረንሳይ አካባቢ ነው። ዛሬ የዚያን ምድር ልጅ ባርብ ኒኮልን እናስተዋውቃችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1777 ሬምስ ከተማ ተወለደች። በ1805 ባሏ ፍራንሷ ክሊኮ ሲሞት ገና 27 ዓመቷ ነው፤ የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት። በዘመኑ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መነገድ አትችልም፤ ለመበለት ግን በሩ ክፍት ነበር። አማቷን አሳምና የወይን ንግዱን ተረከበች።

ምድሩ ቀላል አይደለም። ብርድ ስለሚበዛበት ፍሬው በስሎም ኮምጠጥ ይላል። ከአፈሩ ሥር ያለው ነጭ የጠመኔ ድንጋይ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ በደረቅ ጊዜ ለተክሉ ይመልሳል። ጠመኔው ውስጥ የተቆፈሩት ዋሻዎች ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ናቸው፤ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተብላላ ያንን ደቃቅ አረፋ የሚያወጣው እዚያ ነው።

በ1814 የናፖሊዮን ጦርነት አቧራው ገና ሳይሰክን ከ10 ሺህ በላይ ጠርሙስ ጭና፣ ተፎካካሪዎቿን ቀድማ ሩሲያ አስገባች። ባይሳካላት የሚጠብቃት ኪሳራ ነበር።

የቀረው ችግር አተላው ነው፤ ወይኑን ያደፈርሰዋል። በ1816 አካባቢ ከሠራተኞቿ ጋር መላ መታች፦ የተበሳሳ ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶቹን በአንገታቸው ቁልቁል ሰካች። ትንሽ ትንሽ ሲዞሩ አተላው ቡሹ ጋ ይጠራቀማል፤ ቡሹ ሲነቀል ተፈናጥሮ ይወጣና ወይኑ ጥርት ይላል።

በ1866፣ በ88 ዓመቷ አረፈች። ጠርሙሱ ላይ ዛሬም «ቨቭ ክሊኮ» ይላል፤ መበለቷ ክሊኮ ማለት ነው።