ስለ ለቅሶና ቀብር ያስተማረው ኮንፊሽየስ

የቻይናው ሊቅ ኮንፊሽየስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ስሙን ብቻ ነው። ሰውየው ግን ስለ ለቅሶና ስለ ቀብር አጥብቆ ያስተማረ ነበርና ሕይወቱን ባጭሩ ብናወጋ ለኛ ለእድርተኞች ይበጃል ብለን አሰብን።

ኮንፊሽየስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ገደማ፣ ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው ክፍለ ሀገር በነበረችው በሉ መንግሥት ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት በድህነት አደገ። በወጣትነቱ የእህል ጎተራ ሒሳብ ያዥና የከብት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠራ። ኋላም መምህር ሆነ፤ ደሀ ነው ብሎ የመለሰው ተማሪ አልነበረም።

ዘመኑ መሳፍንት እርስ በርሳቸው የሚፋጁበት ነበር። እሱም ልጅ ወላጁን ቢያከብር፣ ገዢም ለሕዝቡ ቢያስብ አገር ይረጋል ብሎ አመነ። ይህንኑ ይዞ በ497 ከሉ ወጥቶ 14 ዓመት ያህል ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ዞረ። ምክሩን በሥራ ያዋለለት ግን አላገኘም። በ484 ወዳገሩ ተመለሰ።

ሐዘንተኛ አጠገብ ሲቀመጥ ጠግቦ አይበላም ነበር። ቀባሪ የሌለው ወዳጅ ሲሞትበት ቀብሩን በራሱ ላይ ይወስድ ነበር። እንግዲህ የሚወደው ተማሪው ያን ህዊ ሲሞት አምርሮ አለቀሰ። የሟቹ አባት ደሀ ስለነበር የውጪውን ሬሳ ሳጥን ለማሠራት የመምህሩን ሠረገላ ጠየቀ። ኮንፊሽየስ ግን እምቢ አለ። እኛም መጀመሪያ ጭካኔ መስሎን ነበር። ለካስ የገዛ ልጁንም ያለ ውጪ ሳጥን ነው የቀበረው! በሹመት ላይ የነበረ ሰው በእግሩ መሄድ አይገባውም ይል ነበር። ተማሪዎቹ እሱ ሳይፈቅድ ያን ህዊን በትልቅ ወጪ ሲቀብሩ አልወደደላቸውም። በለቅሶ ጊዜ ከሥርዓቱ ማማር ይልቅ የልብ ሐዘን ይበልጣል ብሎ ያስተምር ነበርና።

በ479 ሲሞት ደቀ መዛሙርቱ ሦስት ዓመት አለቀሱለት፤ ዚጎንግ የተባለው ግን መቃብሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ስድስት ዓመት ተቀመጠ ይባላል። ቃሉንም ተማሪዎቹና የነሱ ተማሪዎች ሰበሰቡት፤ ሜንሺየስም ከመቶ ዓመት በኋላ አስፋፋው። በ213 የቺን ንጉሠ ነገሥት የትምህርቱን መጻሕፍት አስቃጠለ። ትምህርቱ ግን አልጠፋም፤ በ136 የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ የመንግሥት ትምህርት አደረገው።

በሕይወት ሳለ ሰሚ ያጣ ሰው እንዲህ ሆነ። እኛም ለቅሶ ቤት ስንደርስ፣ ስለ ወጪው ከመከራከራችን በፊት ሐዘንተኛውን እናስብ።