የመካነ ሥላሴው የአባ ጎርጎርዮስ የሕይወት ታሪክ

ከወሎ ምድር ወጥተው በባዕድ አገር ከኖሩት ሰዎች መካከል፣ ስማቸው በሩቅ አገር የታወቀ፣ በተወለዱበት ምድር ግን እምብዛም የማይነሣ አንድ ካህን አሉ። እኒህም አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ደሴ ከተማ ከመቈርቈሯ ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከዛሬው ደቡብ ወሎ ወጥተው እስከ ሮማና እስከ ጀርመን አገር ደርሰዋል። ደብሩ የኢዮቤልዩ በዓሉን ሲያከብር የቀደሙትን ማሰብ የተገባ ስለ ሆነ፣ የእኒህ አባት ታሪክ እንደሚከተለው ተጽፏል። የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ዓ.ም. ገደማ ነው። የትውልድ ስፍራቸው በዚያ ዘመን አምሐራ ይባል በነበረው አውራጃ የምትገኘው መካነ ሥላሴ ናት። ግሸን ማርያም ያለችበት ይህ ጥንታዊ አውራጃ ዛሬ አብዛኛው በደቡብ ወሎ ውስጥ ይገኛል። የመካነ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ከ1494 እስከ 1508 የነገሡት ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት፣ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጽመዋታል። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐይኑ አይቷት ስለ ታላቅነቷ ጽፏል። ዳሩ ግን በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ በእሳት ተቃጠለች። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ቤተ ክርስቲያኒቱ ከነደደች ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ የቀድሞው ክብሯ በወሬ ብቻ በሚነገርበት ዘመን ነው።

ወገናቸው ከመኳንንት ነበረ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተምረው፣ ግዕዝን አጥንተው፣ ለክህነት በቁ። የአገራቸውን ታሪክ፣ የነገሥታቱን ተራ፣ የበዓላቱንና የሥርዓቱን ነገር በቃላቸው ያዙ። በኋላ በሰው አገር ከእጃቸው ያልጠፋ ሀብታቸው ይህ ሆነ።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ላይ ትልቅ የሃይማኖት መከራ መጣ። በ1607 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ የኢየሱሳውያንን ካህናት ትምህርት ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ከአውሮፓ መጥቶ፣ በ1626 ንጉሡ ለሮማ እንደሚታዘዙ በአደባባይ ማሉ። ፓትርያርኩም የአባቶችን ሥርዓት በችኮላ ሊለውጥ ስለ ተነሣ፣ ጾሙና በዓሉ፣ ጥምቀቱና ክህነቱ ሁሉ ሲነካበት ሕዝቡ አልታገሠም። ላስታ ሸፈተ፤ ሌላውም አገር ተከተለ። በ1632 በወይና ደጋ ታላቅ ውጊያ ሆኖ እስከ ስምንት ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። በሜዳው የወደቀው ሁሉ የገዛ ሕዝባቸውና ክርስቲያን መሆኑን ሰዎቻቸው ለንጉሡ ባመለከቷቸው ጊዜ ልባቸው ተሰበረ፤ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

አባ ጎርጎርዮስ በዚህ ክርክር ከሮማ ወገን ቆመው ነበር። ይህ ነገር ሊሸሸግ አይገባም፤ ከእናት ቤተ ክርስቲያን መለየታቸው እውነት ነውና። በምን አሳብና በምን ሕሊና እንዳደረጉት የሚፈርደው ልብን የሚመረምር አምላክ ብቻ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከመንግሥታቸው ባስወጡ ጊዜ፣ ያን ትምህርት የተከተሉት ኢትዮጵያውያን ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ወይ ወደ ቀድሞው ሃይማኖት መመለስ፣ ወይ አገር ለቆ መሄድ። አባ ጎርጎርዮስም ሁለተኛውን መረጡ። ርስታቸውን፣ ዘመዳቸውን፣ የተወለዱበትን ቀዬ ትተው ወደ ባሕር ወረዱ። ዕድሜያቸውም አርባ ዓመት ገደማ ሆኖ ነበር፤ ይህም ሰው የዘራውን ማጨድ የሚጀምርበት እንጂ እንደ ገና ከባዶ የሚነሣበት ጊዜ አይደለም።

ከብዙ ዘመን ስደት በኋላ ማረፊያ ያገኙት በሮማ ከተማ ነው። በዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራች ናት። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎችና መነኮሳት ማረፊያ ስለ ሆነች፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ተብላ ተጠራች። ሕንጻዋም እስከ ዛሬ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ቆሟል። ከዚህች ቤት ሰዎች ግዕዝን የተማረው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 የዳዊትን መዝሙር በግዕዝ ፊደል አሳትሟል። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንም በዚያው ተቀምጠው ከ1548 እስከ 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ የማያውቁ ስለ ነበሩ፣ ለተገኘው ስሕተት አንባቢው ይቅር እንዲላቸው አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ ላይ ለምነዋል።

አባ ጎርጎርዮስ ወደዚህች ቤት በገቡ ጊዜ፣ በስደት ያሉ ሌሎች ኢትዮጵያውያንን አገኙ። ከእነዚህም አንዱ ከፖርቱጋል ዘር በኢትዮጵያ የተወለዱት አባ አንጦንዮስ ዲአንድራዴ ነበሩ። ስደተኛ የአገሩን ሰው ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ ያላየ ሰው አያውቀውም። በአገር ቤት ቢሆኑ አንዱ ካንዱ አውራጃና ወገን ጠይቆ ይርቅ ይሆናል፤ በባዕድ አገር ግን የእናት ቋንቋ መስማት ብቻውን ዝምድና ነው። የቅዱስ እስጢፋኖስም ቤት ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች የሚጸልዩባት፣ በአምሐርኛ የሚያወጉባት፣ ከኢየሩሳሌምና ከምስር ከሚመጣ መንገደኛ የአገር ወሬ የሚጠይቁባት ሆነችላቸው።

በ1649 ወደዚህች ቤት አንድ ጀርመናዊ ወጣት መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ በ1624 በኤርፉርት ከተማ የተወለደ፣ ብዙ ቋንቋዎችን የሚያውቅ፣ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት የሆነ ሊቅ ነው። ወደ ሮማ የተላከው ስለ ስዊድን የሚናገሩ የቈዩ ጽሑፎችን እንዲፈልግ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ግዕዝን ከታተሙት መጻሕፍት ብቻ ሲያጠና የኖረ ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያውያን በከተማው መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ፈልጎ አገኛቸው። ፊደሉን ያውቃል፤ ትርጕሙንም ያውቃል፤ ነገር ግን ሰው ሲያነበው በጆሮው ሰምቶ ስለማያውቅ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሣውንና የሚወድቀውን አይለይም ነበር።

አባ ጎርጎርዮስም ይህን እንግዳ ተቀብለው ማስተማር ጀመሩ። ሁለቱ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው ግዕዝ መነጋገሪያ ሆናቸው። ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ግዕዝ በቅዳሴና በመጽሐፍ የሚሰማ እንጂ በገበያ እህል የሚሸመትበት ቋንቋ መሆኑ ካቆመ ብዙ መቶ ዓመት አልፎት ነበርና። ካህኑ በልጅነታቸው ለመቅደስ የተማሩት ቋንቋ በስደት አገር ወዳጅ አፈራላቸው። ሉዶልፍ ከሮማ ከተመለሰ በኋላም በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤዎቻቸውም ተጠብቀው ቈይተው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር ታትመዋል።

በ1652 ሉዶልፍ በጀርመን አገር የጎታ መስፍን ለሆነው ለኤርነስት አገልጋይ ሆኖ ገባ። ይህ መስፍን ስለ ደግነቱና ስለ ትጋቱ መንፈሳዊው ኤርነስት የተባለ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ክርስትና ለማወቅ እጅግ ስለ ተመኘ፣ አባ ጎርጎርዮስን አስጠራቸው። እርሳቸውም ተራራ አቋርጠው ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ተቀበሏቸው። የቤተ መንግሥቱ ስም የሰላም ዓለት ማለት ነው። ይህም ስም ያለ ምክንያት አልወጣም። ጀርመን ከ1618 እስከ 1648 ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጦርነት ስትነድ ኖራለች፤ የጦርነቱም አንዱ ምክንያት የካቶሊኮችና የፕሮቴስታንቶች ጠብ ነበር። እንዲህም ሆኖ በሃይማኖት ጠብ ከአገራቸው የወጡት ካህን፣ በሃይማኖት ጠብ ወደ ፈረሰ ሌላ አገር ደረሱ። መስፍኑና ሉዶልፍ የሉተር ትምህርት ተከታዮች ሲሆኑ፣ አባ ጎርጎርዮስ የሮማ ወገን ነበሩ። ነገር ግን በክብር ተቀብለው አስተናገዷቸው፤ የሃይማኖታቸውም ልዩነት አብረው ከመሥራት አልከለከላቸውም።

በጎታ የተሠራው ሥራ እንዲህ ነበር። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕጉና ስለ ልማዱ ይጠይቃሉ፤ አባ ጎርጎርዮስም የሚያውቁትን ይመልሳሉ። ከዚያ ቀደም በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው አብዛኛው ተረት ነበረ። አባ ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል አንድ የእስፓንያ ጸሐፊ ኢትዮጵያን ሳያይ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ብዙ ውሸት ዘርቶ ነበርና፣ ሉዶልፍ ያን ውሸት የገለጠው በአገሩ ልጅ ምስክርነት ጭምር ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ሉዶልፍ ስለ አምሐርኛ ጠየቀ። በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ቋንቋ ግዕዝ ስለ ነበረ በአምሐርኛ የሚጻፈው ጥቂት ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ቃሉን በቃል፣ ግሱን በግስ እየነገሩ አስጻፉት። ከአምሐራ አውራጃ ለወጣ ሰው ይህ የእናቱ ቤት ቋንቋ ነበረ።

የጎታ ሥራ ካበቃ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። የሰው አገር እንጀራ፣ የመኳንንትም አክብሮት፣ የወዳጅም ደብዳቤ የአገርን ናፍቆት አላጠፋላቸውም። በመጨረሻም ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ተነሥተው በ1658 በመርከብ ሲሄዱ፣ በሶርያ ባሕር ዳር በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበረ። የተወለዱባትን መካነ ሥላሴን ዳግመኛ ሳያዩ ቀሩ።

ሥራቸው ግን አልሰጠመም። በ1661 የሉዶልፍ የግዕዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በለንደን ታተመ። በ1681 ትልቁ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ ወጣ፤ በ1691 ደግሞ የታሪኩ ማብራሪያ ተጨመረ፤ በዚህም የአባ ጎርጎርዮስ ሥዕል ይገኛል። በ1698፣ መምህሩ በሞቱ በአርባ ዓመታቸው፣ የአምሐርኛ ሰዋስውና የአምሐርኛ መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ታተሙ። አምሐርኛ በሰዋስው መጽሐፍ ተተንትኖ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነው። ሉዶልፍም በ1704 እስኪሞት ድረስ የወዳጁን ውለታ አልካደም፤ ከማን እንደ ተማረ በመጽሐፉ ጽፎ አኖረ እንጂ የሰውን ዕውቀት የራሱ አድርጎ አልወሰደም።

የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ ምእመናን የሩቅ ወሬ አይደለም። ዛሬም ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ብዙ የወሎ ልጆችን ወደ ባሕር ወስዷል። አንዳንዱ ዐረብ አገር ደርሶ ሠርቶ ለቤቱ ይልካል፤ አንዳንዱ በአፋር በረሃ ወይም በቀይ ባሕር ቀርቷል። እናትም መቃብሩን ሳታይ፣ አፈር ሳታለብስ ትኖራለች። ከአንድ ቀዬ ሄደው በባዕድ አገር የተገናኙትም እንደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሰዎች እርስ በርሳቸው ዘመድ ይሆናሉ፤ የታመመውን ያስታምማሉ፤ የሞተውን ይቀብራሉ፤ ዝክርም ይዘክራሉ።

ሰው ከአገሩ ሲወጣ መሬቱን፣ ከብቱንና ቤቱን ትቶ ይሄዳል። ከልጅነቱ የተማረውን ግን ማንም አይቀማውም፤ ባሕርም አይውጠውም። አባ ጎርጎርዮስ በባዶ እጃቸው ሮማ ገብተው ሳለ ለዓለም የሚሰጡትን ያገኙት፣ በመካነ ሥላሴ አጠገብ ያስተማሯቸው ስማቸው ያልተጻፈ መምህራን ፊደል ስላስቈጠሯቸውና ዳዊት ስላስደገሟቸው ነው። ስለዚህ የደብሩ መምህራን ዛሬ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያስተምሩት ሕፃን ነገ ወዴት እንደሚሄድ ባይታወቅም፣ ስንቁ በእጃቸው ነው። የሄዱትን ደግሞ ደብሩ በጸሎቱ አይርሳ፤ በሕይወት ያሉትን በስማቸው፣ መቃብራቸው ያልታወቀውንም በፍትሐት ጸሎት ያስብ። በባሕር የቀሩትን ሁሉ፣ የተበተኑትን የሚሰበስብ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስባቸው። አሜን።